ከሰማይ ላይ ታንኩ የማይታየኝ ለምንድን ነው? (የዋር ተንደር ክር፣ እስከ 27ኛው መልስ)

ይህን የውይይት ክር መድረኩ ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ። አሁን 27 መልስ ደርሷል። አንዳንዱ መልስ ረጅም ነው፤ አንዳንዱ ከርዕሱ ወጥቶ ሄዷል። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ላይኖረው ስለሚችል ከመጀመሪያው ጀምሬ ልተርክላችሁ። በየመሃሉ የራሴን ሐሳብም እጨምራለሁ።

የመክፈቻው ጽሑፍ እንዲህ ነበር። ዋር ተንደር የሚባለውን የኦንላይን የጦርነት ጌም እጫወታለሁ። ያለሁት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሣሪያዎች ላይ ነው፤ የምገባውም ሪያሊስቲክ የሚባለው ውጊያ ውስጥ ነው። በታንክ ስገባ ደህና እሠራለሁ። ነጥብ ሞልቶልኝ ፒ-47 ወይም ኢል-2 የሚባሉትን አውሮፕላኖች ይዤ ስነሳ ግን ዓይኔ የጠፋ ይመስለኛል። ዛፉን አያለሁ። መንገዱን አያለሁ። የወዳጆቼን ስም አያለሁ። የጠላት ታንክ ግን የለም። ሦስት አራት ዙር እዞራለሁ፣ ከታች ፀረ አውሮፕላኑ ያገኘኛል፣ ቦምቤን እንደታቀፍኩ እወድቃለሁ። ይህ ለሁለት ወር ያህል ሲደጋገም አንድ ቀን ማታ ተናድጄ ጻፍኩ። ጥያቄዬ ችግሩ ከዓይኔ ነው፣ ከስክሪኔ ነው ወይስ የማላውቀው ነገር አለ የሚል ነበር። ከጥያቄው ጋር አንድ ክስም ነበረበት። አርኬድ በሚባለው ውጊያ የጠላት ታንክ በቀይ ምልክት ይታያል። በሪያሊስቲክም ቢያንስ ከ1 ኪሎ ሜትር ወዲህ ያለውን ሊያሳዩን ይገባል አልኩ።

ጌሙን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። ዋር ተንደር እ.ኤ.አ. በ2012 ለሁሉም ክፍት ሲሆን አውሮፕላን ብቻ ነበር። ታንኮቹ የገቡት በ2014 ነው። አሁን በአንድ ሜዳ ላይ ሁለቱም ይገናኛሉ። በሪያሊስቲክ የምድር ውጊያ በአብዛኛው መጀመሪያ በታንክ ትገባለህ። ጠላት ስትመታ፣ ቦታ ስትይዝ ነጥብ ታገኛለህ። በዚያ ነጥብ አውሮፕላን ትነሳለህ። የወዳጅ ስም ይታይሃል፤ የጠላት ታንክ ግን ምንም ምልክት የለውም። ራስህ ፈልገህ ማግኘት አለብህ።

1ኛው መልስ በጣም ጨዋ ነበር። እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ጀመረና የስክሪኔን ስፋት፣ የግራፊክስ ሴቲንጌን፣ በምን ከፍታ እንደምበርና ዙም እጠቀም እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥሩ ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት እንደሚጠይቀው ማለት ነው። 2ኛው መልስ በተቃራኒው ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ጨዋታ ሳይለምዱ ሪያሊስቲክ መግባት ለቡድኑ ሸክም መሆን ነው፤ ምልክት የሚፈልግ ወደ አርኬድ ይመለስ የሚል። ደም ፍላቴ ወጣ፤ ግን አልመለስኩለትም። 3ኛው ሰው ስለ እኔ ሆኖ መለሰለት። እሱም የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ከአየር ላይ አንድም ታንክ ሳያይ እንዳሳለፈ ተናገረ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቢያስረዳው ኖሮ ስድስት ወሩ ስድስት ቀን ይሆን እንደነበርም ጨመረ። እዚህ መድረክ ላይ የምወደው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

4ኛው መልስ ስለ ሴቲንግ ነው። የሩቅ ዛፎችና የመሬቱ ጥራት ከፍ ይበል፣ ምስሉን የሚያደበዝዙና ብርሃን የሚያበዙ ጌጦች ይጥፉ፣ የስክሪኑ ብርሃን ትንሽ ይነሳ ይላል። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተቃወመውም። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነገር ጨመረ። ለአሮጌ ኮምፒውተር ተብሎ የተሠራውን ዝቅተኛውን ግራፊክስ ብንመርጥ ሣርና ቁጥቋጦ ስለሚሳሳ ታንኩ ራቁቱን ይቀራል ሲል ጠቆመ። ክሩ መጀመሪያ የጋለው እዚህ ጋ ነው።

5ኛው ይህ ማጭበርበር ነው ብሎ ተነሳ። ሰዎች ታንካቸው ላይ የሚለጠፍ ቁጥቋጦ በእውነተኛ ብር ገዝተው ይደበቃሉ፤ ሌላው ሴቲንግ ቀይሮ ያንን ካጠፋው ምኑን ጨዋታ ሆነ? 6ኛው በተራው ተቆጣ። ያለው ኮምፒውተር ከዚያ በላይ ግራፊክስ እንደማይሸከም፣ ውድ ማሽን መግዛት የቻለ ሰው የሌለውን አጭበርባሪ ብሎ ሊሰድብ እንደማይገባ ጻፈ። እውነቱን ነው። ብዙዎቻችን ያለንበትን ሁኔታ ነው የተናገረው። 7ኛው አስታረቀ። አቅም ያጣው ባለው ይጫወት፣ አቅም ያለው ሆን ብሎ አያውርደው፤ ሌላው ጣጣ የጌሙ ሠሪዎች ነው አለ። እኔም ከዚህ የተሻለ ፍርድ የለኝም።

8ኛው መልስ ቁጥር የሚወድ ሰው ነው። ሦስቴ አነበብኩት። ቲ-34 የሚባለው የሶቪየት ታንክ አካሉ ወደ 6 ሜትር ይረዝማል። 2 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አስቀምጠው። ስክሪንህ ወርዱ 1920 ፒክስል ከሆነና እይታህ 80 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ያ ታንክ 3 ወይም 4 ፒክስል ብቻ ነው። አራት ነጥብ! በአረንጓዴ ሜዳ ላይ አራት አረንጓዴ ነጥብ ነው የምፈልገው ማለት ነው። ዙም አድርገህ እይታውን ወደ 30 ዲግሪ ስታጠበው ግን ወደ 11 ፒክስል ያድጋል። ከዚያ ወደ ዓይን ተሻገረ። ጤናማ የሰው ዓይን የአንድ ዲግሪን 60ኛ እጅ ያህል ነገር ለይቶ ያያል። 6 ሜትር ታንክ በ2 ኪሎ ሜትር ላይ የዚያን ልክ አሥር እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ዙም የተደረገ ስክሪን የሚያሳየው በእውነት እዚያ ኮክፒት ውስጥ የተቀመጠ አብራሪ የሚያየውን ያህል ነው። ዙም የማያደርግ ተጫዋች መነጽሩን ቤት ረስቶ እንደወጣ ሰው ነው የሚያየው ማለት ነው።

እሱ በዚህም አላቆመም። በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በሴኮንድ 140 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሁለቱን ኪሎ ሜትር በ14 ሴኮንድ ይጨርሳል። ከዚያ ውስጥ መሬት ሳትመታ ለመነሳት የሚያስፈልገውን ቀንስ። አፍንጫህን ለማስተካከልም ቀንስ። ለማየት የሚቀርህ 5 ወይም 6 ሴኮንድ ነው። ይህን ሳነብ ንዴቴ ትንሽ በረደ። ከባድ የሆነብኝ ነገሩ ከባድ ስለሆነ ነው።

9ኛው መልስ ፕሌይስቴሽን ላይ ነው የሚጫወተው። ቴሌቪዥኑ ሳሎን ውስጥ ነው፣ ሶፋው ከቴሌቪዥኑ ሦስት ሜትር ይርቃል። የ8ኛውን ስሌት ካነበበ በኋላ ዱካ ጎትቶ ቴሌቪዥኑ ስር ተቀመጠና ወዲያው ለውጥ አየ። ከዚያ እናቱ ድራማቸውን ሊያዩ ሲመጡ ምን እንደተባለ በሰፊው ይተርካል። ከርዕሱ ወጥቷል፤ ግን ዱካው ጠቃሚ ምክር ስለሆነ አለፍኩት።

ወደ 10ኛው ልምጣ። ጀርመን የምትኖር ተጫዋች ናት። ብዙ ጊዜ በኢል-2 እንደምትበር ተናግራለች። ታንክ አትፈልጊ፣ ታንክ የሚሠራውን ፈልጊ የሚለውን ትምህርት በራሷ ሽንፈት እንደተማረችው ትናገራለች። ታንክ ሲተኩስ ብልጭታ አለው። ሲሄድ በደረቅ መሬት ላይ አቧራ ያስነሳል። ሲቃጠል ጥቁር ጭስ ያወጣል። ቆሞ እንኳ ጥላ አለው። ጥላው ላይ ብዙ ቆየች። ቀለሙን ከሜዳው ጋር ማመሳሰል ይቻላል፣ ጥላን ግን መቀባት አይቻልም። ፀሐይን ከጀርባሽ ካደረግሽ ጥላው ከታንኩ ኋላ ይወድቅና ይደበቅብሻል። ከጎንሽ ስታደርጊያት ግን ጥላው ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ቅርጹም ይጋለጣል። ዛፍ የሚጥለው ጥላ ዳርና ዳሩ የተበጣጠሰ ነው፤ የታንክ ጥላ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ጠዋትና ማታ ላይ የሚካሄድ ውጊያ ስለሚያጋጥም ያን ጊዜ ጥላው ከታንኩ እጥፍ ሊረዝም ይችላል። እንዲህ ሲሆን ለአብራሪ በዓል ነው ትላለች።

ሌላው ነገር ዓይንን ማሳረፍ ነው። እኔ ካሜራውን እንደ እብድ ነበር የማዞረው። እሷ ግን ቀጥ ብላ ትበርና አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ዓይኗን ትተክላለች። ምስሉ ሁሉ ሲዞር የሚንቀሳቀሰው ታንክ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ምስሉ ሲረጋ ግን የሚንቀሳቀሰው ብቻውን ይለያል። ይህን በዚያው ምሽት ሞከርኩት። ታንክ ባላገኝም በመንገድ ላይ የሚሄድ ነገር አየሁ። ወዳጅ ነበር፤ ቢሆንም አየሁት።

11ኛው በ10ኛዋ ላይ ጨመረላት። ከታች እየበራ የሚወጣ ጥይት ስታይ መነሻውን ልብ በል፤ ፀረ አውሮፕላኑ ያለበትን ራሱ እየነገረህ ነው። በተለይ ቪርብልቪንድ የሚባለው የጀርመን መኪና አራት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፍ ስላለው ሲተኩስ ምንጩ ከሩቅ ይታያል። ብልጡ ተኳሽ ግን ቀርበህ እስክትገባለት ዝም ይላል። ስለዚህ ዝም ያለ ሜዳ ባዶ ሜዳ ነው ማለት እንዳልሆነ አስጠነቀቀ።

12ኛው ላይ ታሪክ ገባ። እውነተኞቹ አብራሪዎች ምልክት ሳይኖራቸው እንዴት እንደቻሉ ለማሳየት ብሎ የሞርቴን ውጊያን አመጣ። ኦገስት 7 ቀን 1944 ኖርማንዲ ውስጥ የእንግሊዝ ታይፉን አውሮፕላኖች በሮኬት የጀርመንን ታንኮች በመቶ የሚቆጠሩ አድርገው ጨረሷቸው የሚል ነው። እነሱ ከቻሉ እኛም እንችላለን አለ። 13ኛው በአክብሮት አረመው። ወንድሜ ብሎ ጀመረ። አብራሪዎቹ ያስመዘገቡት በእርግጥ ብዙ ነበር፤ የእንግሊዝና የአሜሪካ አብራሪዎች በአንድ ላይ ከ150 በላይ ታንክ አጠፋን ብለው ነበር። ቦታው ሲያዝ ግን የእንግሊዝ ጦር የጥናት ባለሙያዎች በእግራቸው ሄደው እያንዳንዱን ወና ታንክ መረመሩ። ያገኙት 46 ታንክና በራሱ የሚንቀሳቀስ መድፍ ነበር። ከዚያ ውስጥ በአየር መሣሪያ የተመታው 9 ብቻ ነው።

ይህ መልስ ከሁሉም በላይ አስገረመኝ። ሰዎቹ ውሸታም ስለነበሩ እንዳልሆነም አብራርቷል። ጭስና አቧራ አለ። አንዱ የመታውን ሌላው መልሶ ይመታል። ሞቶ የቆመ ታንክ ሕያው ይመስላል። ተኩሶ የሚነሳ አብራሪ ሮኬቱ ከወደቀበት ቦታ ጭስ እንጂ ሌላ አያይም። በሌላ በኩል ጥቃቱ ከንቱ አልነበረም። ብዙ ያልታጠቀ ተሽከርካሪ ወድሟል፤ ታንኩን ጥለው የሸሹም ነበሩ። እኔም በዚያው ሳምንት አንድ የሞተ ታንክ ላይ ሙሉ ቦምቤን ጥዬ ነበር። በዚያ እፍረት ስሰቃይ ሰንብቼ ከ1944 አብራሪዎች ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ እንደገባሁ ሳውቅ ቀለለኝ።

14ኛው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አብራሪ የነበረውን ሩደልን አነሳ። በጀርመን መዝገብ 519 ታንክ ተመዝግቦለታል፤ ስለዚህ ጎበዝ አብራሪ ያያል አለ። 15ኛው በቁጣ ወረደበት። ከአንድ መልስ በፊት መዝገብ ምን ያህል እንደሚታመን ተነግሮን ሳለ ይህን ቁጥር እንደ ወንጌል ማምጣት ምን ማለት ነው? ሰውየው ጦርነቱ ካለቀ በኋላም ናዚነቱን ያልተወ ሰው ነው፤ ጀግናችን ሊሆን አይገባም። ቃሉ ሻካራ ነበር፤ ሐሳቡን ግን እጋራለሁ። ከሰውየው ይልቅ ስለ መሣሪያው ማውራት ይሻላል። ዩ-87 ጂ የሚባለው አውሮፕላን ከክንፉ ስር ሁለት ባለ 37 ሚሊ ሜትር መድፍ ነበረው፤ ጌሙ ውስጥም አለ። እሱን ለመጠቀም በጣም መቅረብ አለብህ። ስትቀርብ ደግሞ ታያለህ። ነገሩ ይህን ያህል ነው።

16ኛው መልስ ሲመጣ የሁሉም ድምፅ ለሰለሰ። አዲስ አበባ የሚኖር ወጣት ነው። አባቱ በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ወደ ሐረር ግንባር ስንቅ የሚያመላልስ የጦር መኪና ሹፌር ነበሩ። ልጁ ሲጫወት ከኋላው ቆመው ያዩና አንድ ቀን ለምን ተደናበርክ ብለው ጠየቁት። አስረዳቸው። እሳቸውም ከመኪናው ወንበር ላይ ሆነው ያዩትን ነገሩት። አውሮፕላን ሲፈራ የመኪናውን መስታወት ጭቃ ይቀቡት ነበር፤ ለማየት የእጅ መዳፍ የምታህል ብቻ ያስቀራሉ። መስታወት በፀሐይ ሲያበራ ከተራራ ማዶ ይታያልና ነው። መብራቱም ይሸፈናል። ቅጠል ይቆርጡና ይለብሳሉ፤ ቅጠሉ ግን በየቀኑ ይቀየራል። ትናንት የተቆረጠ ቅጠል ከዛሬው ቁጥቋጦ ጋር ቀለሙ አይገጥምም። ከሁሉም በላይ አውሮፕላን ሲሰማ መኪናው ይቆማል። የቆመ ይታለፋል፤ የሮጠ ይታያል። ልጁ ይህን ጽፎ አባቴ ጌም አይወዱም፣ ይህን ግን እየሳቁ ነገሩኝ ብሎ ጨረሰ።

ጋሼን በልጃቸው በኩል አመሰግናለሁ። መልሳቸው ላይ የሁላችንም ጥያቄ ተገልብጦ አየሁት። እኛ እንዴት እንደምናይ ስናወራ እሳቸው እንዴት እንደማይታዩ ነው ያወሩት። ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው።

17ኛው ከዚያ ተነስቶ ወደ ኤፍ-5ኢ ተዋጊ አውሮፕላን ሄደ። በዚያ ጦርነት የኢትዮጵያ አየር ኃይል አብራሪዎች በኤፍ-5ኢ የሶማሊያን ሚጎች እንደጣሉ፣ ያው አውሮፕላን ጌሙ ውስጥ እንዳለ፣ እሱም ለዚህ ሲል ብቻ እዚያ ደረጃ ለመድረስ እንደሚለፋ ጻፈ። ስሜቱ ይገባኛል። 18ኛው ግን ክሩ ስለ ምድር ዒላማ ነው፣ የአየር ለአየር ታሪክ የሚያወራ የራሱን ክር ይክፈት ብሎ ቆረጠው። 19ኛው ያው 17ኛው ነው፤ ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ። እኔ በበኩሌ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አላየሁም።

የክሩ ልብ 20ኛው መልስ ነው። ይህ ሰው ከአብራሪነቱ ይልቅ በታንክ ይታወቃል። ከአየር ላይ ብዙ እንደማይፈልግ ነው የነገረን። ሳይነሳ በፊት ካርታውን ጥቂት ሴኮንድ ያያል። የወዳጆች ምልክት የት ቆሟል? ወደፊት መሄድ ያቃታቸው የት ላይ ነው? ወዳጅ የማያልፍበት መስመር ካለ የሚያግደው ጠላት አለ። ከዚያ ራሱን በጠላት ታንክ ውስጥ ያስቀምጣል። ያንን መስመር ልዝጋ ብል የት እቆማለሁ? ሜዳ መሃል አልቆምም። ከጉብታ ጀርባ ሆኜ መድፌን ብቻ አወጣለሁ። ወይ የቤት ጥግ እይዛለሁ። ወይ ዛፎቹ የሚያልቁበት ጫፍ ላይ እቆማለሁ። እንዲህ ካሰብክ ሰፊው ሜዳ ወደ ሦስት አራት ቦታ ይጠብባል። ኩርስክ በሚባለው ካርታ ላይ ሜዳው ማለቂያ የለውም። ታንከኛ ግን ሜዳውን አይጠቀምበትም፤ የሜዳውን ዳር ነው የሚጠቀመው።

ከጉብታ ጀርባ ያለ ታንክ ከፊት ለመጣበት ድብቅ ነው፤ ከኋላ ለመጣበት ግን ገላጣ ላይ ነው። ስለዚህ ከራስህ ወገን በኩል ቀጥ ብለህ አትግባ። ዞረህ ከጎን ወይም ከኋላ ና። ደግሞ ማን እንደገደለህ አስታውስ። ታንክህ ሲመታ ጥይቱ ከየት እንደመጣ ጌሙ ራሱ ያሳይሃል። ያ ሰው ከአንድ ደቂቃ በኋላ ብዙ አይርቅም። አውሮፕላን የተነሳኸው ከሞት በኋላ ከሆነ ቢያንስ የአንዱን ታንክ አድራሻ በኪስህ ይዘህ ነው የተነሳኸው።

ይህን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እኔ በታንክ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር የጀመርኩት። ወደ አውሮፕላን ስገባ ግን ያንን እውቀት ሁሉ መሬት ላይ ጥዬው እየተነሳሁ ነበር። ከላይ ሆኜ ሜዳውን እንደ ሥዕል አየው ነበር እንጂ የቆምኩበት መሬት አድርጌ አላየሁትም።

21ኛው ይህንኑ ከታሪክ ደገፈው። ጁላይ 1944 አሜሪካኖች ከኖርማንዲ ሰብረው ሲወጡ ጄኔራል ኤልዉድ ኬሳዳ አብራሪዎችን ከአውሮፕላናቸው አውርዶ መሪ ታንኮች ውስጥ አስቀመጣቸው። ታንኩ ላይ የአውሮፕላን ሬዲዮ ተገጠመ። ከላይ ፒ-47ዎች ይዞራሉ። ታንክ ውስጥ ያለው አብራሪ ከላይ ላለው ጓደኛው እሱ በሚገባው ቋንቋ ዒላማውን ይነግረዋል። ታንኮቹም ከላይ እንዲለዩ ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ ያነጥፉ ነበር። እንደዚያም ሆኖ አደጋው ቀላል አልነበረም። በዚያው ዘመቻ መጀመሪያ ላይ፣ ጁላይ 25፣ የአሜሪካ ቦምብ በራሱ ወገን ላይ ወድቆ ጄኔራል ሌዝሊ ማክኔርን ጨምሮ ብዙ ሰው ገድሏል። መላሹ ከዚህ ያወጣው ነገር ምልክት ከሰማይ አይወርድም፣ መሬት ላይ ያለ ጓደኛ ነው የሚሰጥህ የሚል ነው። ጌሙም ይህን ይፈቅዳል። ቀላል ታንኮች ጠላትን መጠቆም ይችላሉ፤ ጥቆማውም ለወዳጆች ካርታ ላይ ይታያል። ማንም ሰው ደግሞ ካርታው ላይ ነክቶ ቦታ ማሳየት ይችላል። ችግሩ አብዛኛው ሰው አያደርገውም።

22ኛው የእኔን ክስ ፊት ለፊት ገጠመው። ቀይ ምልክት ቢመጣ ከታንኩ ወገን ማን ይተርፋል? ተደብቆ፣ አድፍጦ፣ ሞተር አጥፍቶ የቆመ ሰው ልፋቱ ሁሉ ይቀራል። 23ኛው ግን ከእኔ ጋር ቆመ። አዲስ ሰው በዚህ ችግር ተስፋ ቆርጦ ጌሙን ይተዋል፤ ቢያንስ መለማመጃው ላይ ማስተማሪያ ይኑር አለ። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አሁንም እደግፈዋለሁ።

24ኛው የእኔ ነው። ምልክት ይደረግልን ያልኩትን አነሳሁት። 16ኛውና 20ኛው መልስ ናቸው ያስተዉኝ። የ16ኛው አባት በመስታወታቸው ላይ የቀቡትን ጭቃ አንድ ቀይ ምልክት ቢያጥበው ፍትሐዊ አይሆንም። 2ኛው መላሽ ይህን አይቶ መልካም ብሎ አንድ ቃል ጻፈ፤ ያም 25ኛው ሆኖ ተቆጠረ። ቂም የለኝም።

26ኛው ሙከራችን ነው። ዓርብ ማታ ከ20ኛው መላሽ ጋር በድምፅ እያወራን ገባን። እሱ በታንክ፣ እኔ በፒ-47። ካርታው ኩርስክ ነበር። መጀመሪያ ግራ፣ ቀኝ እያልን ተምታታን፤ የእኔ ግራ በየዙሩ ይቀየራላ። ከዚያ በካርታው ፊደልና ቁጥር ተስማማን። ዛፎቹ የሚያልቁበት ጫፍ ላይ አንድ ፓንዘር 4 የሚባል የጀርመን ታንክ እንዳገደው ነገረኝ። በመጀመሪያው ዙር በላዩ ላይ አልፌ ሄድኩ፤ አላየሁትም። ሁለተኛው ላይ ፀሐይን ከጎኔ አድርጌ ከኋላው መጣሁ። ዙም አድርጌ የዛፎቹን ጥላ ተከተልኩ። የመጨረሻው ጥላ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነበር። እዚያው ነው! ልቤ ሲመታ ለራሴ ይሰማኝ ነበር። ቦምቡን ዘግይቼ ለቀቅኩትና አልፎት ወደቀ። ታንከኛው ግን ደነገጠ። ከእኔ ለመሸሽ ከዛፉ ጥግ ወደ ሜዳው ወጣ። ጓደኛዬ ሲጠብቀው የነበረው እዚያ ነው። በአንድ ጥይት ጨረሰው።

27ኛው የእሱ ነው። ቅዳሜ በዚያው ሰዓት እንድንገባ ይጠይቃል፤ በዚህኛው ዙር ግን እሱ ይበራል፣ እኔ በታንክ እገባለሁ። እሺ ብያለሁ። ከትናንት ጀምሮ የኩርስክን ካርታ ከፍቼ ጉብታዎቹንና የዛፍ ጫፎቹን በየፊደላቸው እየጻፍኩ ነው። ያመለጠኝን የሚያውቅ ካለ ከታች ይጨምርልኝ።